የጠፋ የጎልፍ ኳስ ለማግኘት ምን ይገዛል? መነጽር፣ ቺፕ፣ የርቀት መለኪያ ወይስ ሮዝ ኳስ?

ኖቬምበር ላይ ላንግስተን ሄጄ በአንድ ቀን ስድስት ኳስ ጠፋብኝ። ስድስቱም ነጭ ነበሩ። ሜዳው በረገፈ ቅጠል ተሸፍኗል። ኳሱ ሲወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስደርስ ግን መሬት የዋጠው ይመስላል።

ላንግስተን እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ ሜዳ ነው። የተከፈተው በ1939 ነው፤ ጥቁሮች እንደ ልባቸው የሚጫወቱበት ቦታ ባልነበረበት ዘመን ለእነሱ ተብሎ። ስሙ የተወሰደው ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ ከተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር፣ ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ዛፉና ውሃው ግን ኳስ ይበላሉ።

አብረውኝ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረተኛ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ለኳስ ያወጣኸውን ለትምህርት ብታወጣው እስካሁን ዶክተር ነበርክ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጥሩ የሚባለው ኳስ ደርዘኑ ከ50 ዶላር በላይ ነው። እናም ክረምቱን ሙሉ "ኳስ ያገኛል" የሚባለውን ዕቃ ሁሉ ሳነብ፣ ስዋስና ስሞክር ከረምኩ።

ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እወቁ። ኳስ የመፈለጊያው ጊዜ 3 ደቂቃ ብቻ ነው። እስከ 2018 ድረስ 5 ደቂቃ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ሕጉ አሳጠረው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፍለጋውን ከጀመራችሁበት ቅጽበት ነው። ካለፈ ኳሱ ቢገኝም እንደጠፋ ይቆጠራል። አንድ ምት ተቀጥታችሁ፣ ወደ መታችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ እንደገና መምታት ነው። ልጅ ሆነን የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሩ፣ የጨዋታው ኳስ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ቡድን ተረባርቦ ይፈልግ ነበር፤ ሰዓት የሚይዝ አልነበረም። እዚህ ግን ዕቃው በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልሠራ ምን ያደርጋል?

በሰማያዊ መነጽሩ ልጀምር፤ ከሁሉም ርካሽ እሱ ነው። ከ10 እስከ 30 ዶላር ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። መስታወቱ ሰማያዊ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሣሩ የሚመጣውን አረንጓዴና ቢጫ ይይዛል። ሣሩ ይጠቁራል። ነጭ ኳስ ግን ሁሉንም ቀለም ስለሚመልስ ብሩህ እንደሆነ ይቀራል። እውነት ለመናገር ይሠራል። አጭር ሣር ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ኳሱ በከፊል እንኳ ከታየ ከሩቁ ብልጭ ይላል። ችግሩ ነጭ ነገር ሁሉ ብልጭ ማለቱ ነው። መጀመሪያ በሞከርኩበት ቀን ያገኘሁት ሦስት እንጉዳይ፣ አንድ የጠርሙስ ክዳንና የሰው ናፕኪን ነበር። ኳሱ ረጅም ሣር ሥር ከተቀበረ ደግሞ መነጽሩ ምንም አይረዳም፤ የማይታይን ነገር አያሳይም።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ሌላ ነገር አለ። ቢጫ ኳስና ሰማያዊ መነጽር አብረው አይሄዱም። ቢጫ ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ብዙም አይመልስም፤ ስለዚህ በመነጽሩ ሲታይ ኳሱም እንደ ሣሩ ይጠቁራል። ሁለቱንም ገዝቶ አብሮ የሚጠቀም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ራሱን አሳውሯል ማለት ነው።

ባለቀለም ኳስ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ዋጋው ከነጩ ጋር ያው ነው። አንዳንድ ሰው "የልጅ መጫወቻ" እያለ ያፍርበታል። ባለሙያው ጎልፈኛ ዌይን ሌቪ ግን በ1982 የሃዋይ ኦፕንን ያሸነፈው በብርቱካናማ ኳስ ነው። ጄሪ ፔትም በዚያው ዓመት የፕሌየርስ ሻምፒዮናን በብርቱካናማ ኳስ ወስዷል። ባባ ዋትሰን ደግሞ በ2017 የኮሪያውን ቮልቪክ ሮዝ ኳስ ይዞ ወጣ። ማፈሩ ይቅር።

ጥያቄው የቱ ቀለም ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አብልጦ የሚያየው ቢጫ አረንጓዴውን ነው፤ የቴኒስ ኳስም ከ1972 ጀምሮ ወደ ቢጫ የተቀየረው በደንብ እንዲታይ ነው። ስለዚህ በበጋ ቢጫ ጥሩ ነው፤ አየር ላይ እያለም ዓይን አይለቀውም። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ግን መሬቱ ራሱ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ነው። ያኔ ሮዝ ያዙ። ቀይ ኳስ ለማንም አልመክርም። ጥላ ውስጥና ሲመሻሽ ይጠቁራል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም የለም።

ወደ ውዱ ዕቃ ስንመጣ ቺፕ ያለበት ኳስ አለ። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሬዳርጎልፍ የሚባል ኩባንያ ኳሱ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ከትቶ በእጅ የሚያዝ መፈለጊያ አብሮ ይሸጥ ነበር። ዋጋው ወደ 250 ዶላር ነበር። ወደ ኳሱ ስትቀርቡ ድምፁ ይፈጥናል። ፕራዛ የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያም ተመሳሳይ ነገር አውጥቷል። ከመነጽሩ የሚበልጠው ቅጠል ሥር የተደበቀውንም መፈለግ መቻሉ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሚያገኘው የራሱን ኳስ ብቻ ነው። የምትወዱትን ኳስ ትታችሁ የእነሱን መግዛት አለባችሁ። ኩባንያው ከገበያ ቢወጣ መፈለጊያው ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ኳሱ ውሃ ከገባማ አለቀ፤ የሬዲዮ ሞገድ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደክማል፣ ቢሰማስ ማን ገብቶ ያወጣዋል?

"ቶፕጎልፍ ኳሶቹ ውስጥ ቺፕ አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም፤ ቶፕጎልፍ ኳስ ወደ ዒላማ የሚመታበት መዝናኛ ነው። አዎ፣ ለዓመታት ነበረ። ግን እዚያ ኳሱ የሚወድቀው አንባቢ መሣሪያ የተተከለበት ዒላማ ውስጥ ነበር። ቺፑ የማን ኳስ እንደሆነ ይናገር ነበር እንጂ ጫካ ውስጥ ያለውን ፈልጎ አያመጣም። ስለ ኤርታግም፣ የጠፋ ዕቃ በስልክ ስለሚፈለግበት የአፕል መሣሪያ፣ ጠይቀውኛል። ኤርታግ 11 ግራም ገደማ ነው፣ ሙሉ የጎልፍ ኳስ ደግሞ ከ45.93 ግራም መብለጥ አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ ድራይቨር የሚባለው የሩቅ መምቻ ዱላ ኳሱን የሚጨፈልቀው በግማሽ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ባትሪ ያን መቋቋም አለበት።

ምት የሚመዘግቡ ሰዓቶችና ሴንሰሮችን፣ እንደ አርኮስና ሾት ስኮፕ ያሉትን፣ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ። የሚያውቁት እናንተ የቆማችሁበትን ነው፤ ኳሱ የት እንዳረፈ አያውቁም። ለሌላ ነገር ጥሩ ናቸው። ድሮን ደግሞ እዚህ ጨርሶ አይታሰብም። ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ኳስ ልፈልግ ብሎ ፖሊስ መጥራት ይሆናል።

እኔን ያስገረመኝ በሌዘር የሚሠራው የርቀት መለኪያ ነው። ኳስ ለመፈለግ አልተሠራም። ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ቦርሳው ውስጥ አለው። ኳሱ ወደ ጫካ ሲገባ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ወዲያው ለኩ። 190 ያርድ አለ እንበል። ከዚያ ሂዱና ወደ ተነሣችሁበት ዞራችሁ ለኩ፤ 190 ሲል መፈለጊያው እዚያ ነው። እኔ ምቴን ሁልጊዜ ከእውነቱ አርቄ እገምት ነበር፤ ኳሱን አልፌው ሄጄ ነበር ለካ የምፈልገው። አሁን ከ3 ደቂቃው ግማሹን አተርፋለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ሁለተኛ ኳስ መምታት አትርሱ፣ "ፕሮቪዥናል ነው" (ጊዜያዊ ማለት ነው) ብላችሁም ተናገሩ። ካልተናገራችሁ የመጀመሪያው ቢገኝም አይቆጠርላችሁም።

ውሃ ለሚበዛበት ሜዳ የሚረዘም ዘንግ ይበቃል፤ 20 ወይም 30 ዶላር ነው። ዳር ላይ ያለውን ያወጣል፣ ከዚያ በላይ ቃል አይገባም።

እኔ ዘንድሮ የያዝኩት ሮዝ ኳስና የርቀት መለኪያውን ነው። መነጽሩን ለጋሼ ሰጠኋቸው። እሳቸው የራሳቸውን ኳስ አይደለም የሚፈልጉበት፣ የሰውን ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ አገኙ። ሁለቱ ላይ የእኔ ምልክት አለ። እስካሁን አልመለሱልኝም።