ከልብ ባይፓስ በኋላ ቲካግሬሎርን በአስፕሪን ላይ መደረብ ያዋጣል?

ቲካግሬሎር እንደ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ የሚረዳ መድኃኒት ነው፤ 90 ሚሊግራሙ ክብ፣ ቢጫ ኪኒን ነው። ብሪሊንታ በሚባለው የንግድ ስም የሚሸጠው በአንድ ጎኑ 90 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ከባይፓስ ቀዶ ሕክምና በኋላ (ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ የደም ቧንቧ የተዘጋውን የልብ ቧንቧ አልፎ ደም ማዳረስ ነው) ከአስፕሪን ጋር ሲታዘዝ ብዙ ታካሚ አዲሱን መድኃኒት ዋና፣ አስፕሪኑን ትርፍ አድርጎ ያየዋል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ዋናው አስፕሪን ነው፤ ቲካግሬሎር ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚጨመር አጋዥ ነው።

ሁለቱም የሚፈለጉት በተለይ ከእግር ለሚወሰደው ደም መልስ ነው። ይህ ቧንቧ የለመደው ዝቅተኛ ግፊት ነው። ልብ ላይ ሲሰፋ የደም ቅዳ ግፊት በአንድ ጊዜ ይጫነዋል፤ ሲወጣና ሲወጠርም የውስጥ ግድግዳው ይጎዳል። ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሶች) በተጎዳው ቦታ ላይ ይለጠፋሉ፣ ደም ይረጋል። በመጀመሪያው ወር ቧንቧው የሚዘጋው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ከደረት ግድግዳ የሚወሰደው ደም ቅዳ ግን ከ10 ዓመት በኋላም ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሰዎች ክፍት ሆኖ ይገኛል።

አስፕሪን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ ይጀመራል፤ ደም መፍሰሱ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ማለት ነው። የአሜሪካ መመሪያ በቀን ከ100 እስከ 325 ሚሊግራም ይላል፤ የሚወሰደውም ዕድሜ ልክ ነው። አስፕሪን ያገኘው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ሥራው ይዳከማል። ችግሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰውነት አዳዲስ ፕላትሌቶችን በብዛት ማምረቱ ነው። የጠዋቱ ኪኒን ማታ የተወለዱትን አይነካም፤ ስለዚህ በዚህ ወቅት አንድ ቀን መዝለል ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያስከፍላል።

አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሸፈነውን አስፕሪን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልመርጠውም። ወደ ደም የሚገባበት መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ሽፋኑም የጨጓራ መድማትን አያስቀርም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚመጣው ከደም በኩልም ነው። ተራውን ኪኒን ደግሞ ከመዋጥ በፊት አሽትቱት፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከሆነ እርጥበት አበላሽቶታልና ይጣል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም አስፕሪን ፕላትሌት ላይ የሚይዘውን ቦታ ይዘጋበታል። ሐኪም ፈቅዶ አልፎ አልፎ የሚወሰድ ከሆነ ሽፋን ከሌለው አስፕሪን ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘግይቶ፣ ወይም ከአስፕሪኑ ከ8 ሰዓት በላይ ቀድሞ ይሁን።

አሁን ወደ ቲካግሬሎር። በ2018 የወጣው የቻይናው ዳካብ ጥናት 500 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ከዓመት በኋላ ክፍት ሆነው የተገኙት የደም መልስ ቧንቧዎች በአስፕሪን ብቻ 76.5 በመቶ፣ በሁለቱ መድኃኒቶች 88.7 በመቶ ነበሩ። በ2020 የወጣው የኔዘርላንዱ ፖፑላር ካብግ ግን ልዩነት አላገኘም። በ2022 አራት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የቧንቧ መበላሸት ከ20 ወደ 11.2 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ሕክምና ነክ ትኩረት የሚሻ ደም መፍሰስ ግን ከ8.7 ወደ 22.1 በመቶ ወጥቷል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ሳይናገር የመጀመሪያውን ብቻ የሚናገር ሰው መድኃኒቱን በትክክል አልገመገመም።

በ2025 ሁለት ጥናቶች ሥዕሉን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። በኖርዲክ አገሮች የተካሄደው ታክሲ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ምክንያት ባይፓስ የተሠራላቸውን 2201 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ሞትን፣ የልብ ጡንቻ መሞትን፣ ስትሮክን ወይም ዳግም ቧንቧ መክፈትን በጥቅሉ አልቀነሰም ብሏል፦ 4.8 በመቶ በሁለቱ መድኃኒቶች፣ 4.6 በአስፕሪን ብቻ። ከባድ ደም መፍሰስ ግን በሁለቱ መድኃኒቶች 4.9፣ በአስፕሪን ብቻ 2.0 በመቶ ሆኗል። የቻይናው ቶፕ ካብግ ደግሞ ሁለቱን ለ3 ወር ወስዶ በአስፕሪን መቀጠል፣ ቧንቧን ክፍት በማቆየት ከሙሉ ዓመቱ እንደማያንስ፣ የሚደማውም ሰው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ብዙ የደም መልስ ቧንቧ ለተተከለለት፣ የመድማት ስጋቱም ዝቅተኛ ለሆነ ሰው አጭሩን መንገድ እመርጣለሁ። ቀድሞ ለደማ ሰው አስፕሪን ይበቃል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የሥራ ዕድሜው አጭር ስለሆነ የማታውን መርሳት የተለመደው ጥፋት ነው። የተረሳ ካለ ቀጣዩ በሰዓቱ ይዋጣል እንጂ አይደረብም። መዋጥ ያቃተው ሰው ፈጭቶ በውኃ መጠጣት ይችላል። አብሮት የሚወሰደው አስፕሪን ከ100 ሚሊግራም አይበልጥ፤ ከበለጠ የቲካግሬሎር ጥቅም ይቀንሳል። አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን በደም ውስጥ ያለውን የቲካግሬሎር መጠን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል። ትንፋሽ ማጠር የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀላል ቢሆንም ከባይፓስ በኋላ በሳንባ ዙሪያ ውኃ መቋጠርም ይህንኑ ስለሚያመጣ ሳይመረመር በመድኃኒቱ አይመካኝ።

ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊግራም ቲካግሬሎር ለማይስማማው አማራጭ ነው። ሥራ የሚጀምረው ጉበት ከለወጠው በኋላ ስለሆነ በውርስ ምክንያት ብዙም የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። ኦሜፕራዞል ይህን ለውጥ ስለሚያዳክም ለጨጓራ እሱን የሚወስዱም በፓንቶፕራዞል ይቀይርላቸው ዘንድ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጥርስ ለማስነቀል ሲባል ማንኛውንም በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም፤ ከጥርስ ሐኪሙ በፊት ለልብ ሐኪሙ ይነገር። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ ግን ቀጣዩን ኪኒን ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።