ቫሩን ዳዋን እንደ አስታማሚ፦ ስለ «ኦክቶበር» ፊልም

የህንድ ፊልም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያለን የደብረ ማርቆስ ልጆች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ትርጉሙን ሳናውቅ ዘፈኑን አብረን እያዜምን ነው ያደግነው። ስለዚህ የህንድ የፍቅር ፊልም ሲባል ጭፈራውና ለቅሶው፣ በመጨረሻም የቤተሰቡ ዕርቅ ቀድሞ ይታየናል። ሹጂት ሲርካር ያዘጋጀውና ጁሂ ቻቱርቬዲ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ የበቃው «ኦክቶበር» ግን ተዋንያኑ እየጨፈሩ የሚዘፍኑት አንድም ዘፈን የለውም።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ መሪ ተዋናዩ ነው። ቫሩን ዳዋን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ፊልም ከገባ ጀምሮ በይበልጥ በጭፈራና በቀልድ የሚታወቅ፣ ከ«ኦክቶበር» ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ እንኳ አባቱ ዴቪድ ዳዋን ባዘጋጁት «ጁድዋ 2» መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ያሳቀ ወጣት ነው። በ2015 በ«ባድላፑር» ተበቃይ ሆኖ ሲሠራ ከባድ ሚና እንደሚችል አሳይቶ ነበር፤ ሆኖም ቁጣ ከተዋናይ ፊት ላይ በቀላሉ ይነበባል፤ መጠበቅን ማሳየት ግን የሌላ ችሎታ ሥራ ነው።

ዳዋን የሚጫወተው ዳን በዴልሂ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የሚሠለጥን፣ ሥራውን የሚንቅና ለአለቆቹ አፍ የሚመልስ ልጅ ነው። ሺውሊ አብራው የምትሠለጥን ትጉህ ልጅ ናት፤ በመካከላቸው ፍቅር ቀርቶ የረባ ወዳጅነት እንኳ የለም። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ራሷን ትስታለች። ከመውደቋ በፊት በመጨረሻ የጠየቀችው «ዳን የት ነው?» ብላ እንደነበር ሲሰማ ልጁ ከሆስፒታሉ መለየት ያቅተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በእኛ ቋንቋ አንድ ስም አለው፤ ማስታመም ነው። ጋቢውን ለብሶ በሆስፒታል ኮሪደር ያደረ፣ ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ ከአፉ በፊት ፊቱን ለማንበብ የሞከረ ሰው ዳዋን የሚሠራውን ወዲያው ያውቀዋል። ተዋናዩ ዳንን በአንድ ሌሊት ጻድቅ አላደረገውም። ሆቴል ውስጥ ያስቸግር የነበረው ያው ዕረፍት የለሽነቱና ቦታ የማይመርጥ ጥያቄው ሆስፒታልም ተከትሎት ይመጣል፤ ነገር ግን እዚያ ጥፋት የነበረው ባሕርይ እዚህ ታማኝነት ይሆናል። አጎቷ የሕይወት ማቆያው መሣሪያ ይነቀል የሚል ሐሳብ ሲያነሳ፣ ዝምድናም ሥልጣንም የሌለው ይህ ልጅ ይቃወማል፤ ዳዋን ያንን ሲሠራ እንደ ጀግና አይደነፋም፤ ግራ እንደተጋባ ልጅ ነው የሚከራከረው።

ሺውሊ በሌሊት ፈክታ ጎህ ሲቀድ የምትረግፍ አበባ ስም ነው፤ የፊልሙ ርዕስም ከምትፈካበት ወቅት ጋር የተያያዘ ነው። ዳን አበባውን ለቅሞ ከአልጋዋ አጠገብ ሲያስቀምጥ ልጅቷ ለሽታው ምላሽ ትሰጣለች። አደይ አበባ መስቀል ካለፈ በኋላ ከጮቄ ሥር ካሉት ማሳዎች ብዙ ሳትቆይ እንደምትጠፋ ለሚያውቅ ጎጃሜ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም።

ሺውሊን የምትጫወተው ባኒታ ሳንዱ የመጀመሪያ ፊልሟ በሆነው በዚህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በዓይኗ ብቻ ትተውናለች፤ በአኒሜሽን ሥራዎቿ የምትታወቀው ጊታንጃሊ ራኦም የሺውሊን እናት ያለ ጩኸት ተጫውታታለች። ዳን ከዴልሂ ርቆ ተራራማው አገር ለሥራ የሚሄድበት ክፍል ግን ታሪኩን ያላላዋል፤ አጎትየውም ከአንድ ሐሳብ በላይ አልተሰጠውም።

ፊልሙን ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ህንድኛ አትችልም፣ የግርጌ ጽሑፉንም ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የምትከታተለው የተዋንያኑን ፊት ብቻ ነበር። እኩሌታው ላይ «ይኼ ልጅ ምኗ ነው?» አለችኝ። ምኗም እንዳልሆነ ነገርኳት። ዝም ብላ ጥቂት ካየች በኋላ፣ ልጁ ሆስፒታሉ ውስጥ ቁጭ ባለበት፣ «ለሱስ ምሳ የሚያመጣለት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።