የፈረስ ጫማ «የዓመት ጥቅል» ለሚሸጥላችሁ ሰው ቀድማችሁ ገንዘብ እንዳትሰጡ

ሰላም ወገን። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና አካባቢው ጋሪ የምታሠሩ፣ የመጋለቢያ ፈረስም ያላችሁ፣ ይህን አንብቡና ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም ንገሩልኝ። በየጋሪ ተራውና በየገበያው እየዞረ የፈረስ ጫማ የሚመታ ሰው አለ። የስድስት ዙር ሒሳብ አንዴ ቀድማችሁ ከከፈላችሁት ዓመቱን ሙሉ በግማሽ ዋጋ እየመጣ እንደሚሠራላችሁ ይናገራል። ጫማው ከውጭ የገባ ነው ይላል፤ ከወደቀ በነጻ እመልሳለሁ ይላል፤ ወላሂ ሳይልም አያልፍም። ጉዳዩ በሽማግሌ ስለተያዘ ስሙን አልጠራም።

እኛ ጋሪ ተራ ላይ እኔን ጨምሮ ብዙ ሰው ከፍሏል። የመጀመሪያው ዙር ተሠራ፤ ሁለተኛው እስካሁን የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ደግሞ «አብሽር፣ ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ» ይላል። ገንዘቡስ ይሁን፣ ሠርተን እናመጣዋለን። የሚያንገበግበው የመጀመሪያው ዙር ራሱ ነው፤ ጭራሽ ባይሠራው ይሻል ነበር።

ዳማው ፈረሴ ጥቂት ቀን እንደሠራ የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ለማስነካት ይሳሳ ጀመር። ሰኮናው ሲዳሰስ ይፋጃል። ከሐይቅ በኩል አንድ የቆዩ ባለሙያ አባት ለምነን አስመጣንና ጫማውን በጉጠት ነቀሉት። አንደኛው ምስማር ሲወጣ ጥቁር መግል ተከትሎት ፈሰሰ፤ ሽታው የቆምነውን ሁሉ አፍንጫ አስያዘ። ምስማሩን በጣታቸው እያሽከረከሩ አሳዩን። ድፍን ክብ የሆነ የቤት ምስማር ነው፣ ቆርቆሮ የሚመታበት። ጫማውንም በሞረድ ፋቅ ሲያደርጉት ከጥቁሩ ቀለም ሥር የፌሮው ጥምዝምዝ መስመር ብቅ አለ። «ከውጭ የገባ» ተብሎ የተሸጠልን ከግንባታ የተረፈ ብረት ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፌሮ በራሱ ነውር የለበትም። በአገራችን ብዙ የጋሪ ፈረስ የሚራመደው በእሱ ነው፤ ጠፍጥፎ፣ አስተካክሎ፣ ፌሮ ነው ብሎ በፌሮ ዋጋ ለሚሠራ ሰው ምስጋና ነው የሚገባው። ሌብነቱ ቀለም ቀብቶ ሌላ ስም መስጠቱ ላይ ነው።

የምስማሩ ነገር ግን ይቅር የሚባል አይደለም። የፈረስ ጫማ ምስማር ጠፍጣፋ ነው፤ ጫፉ በአንድ ወገን ብቻ ተቀርጾ ይሠራል። ቅርጹ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲመታ ምስማሩ እየታጠፈ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሕይወት ያለውን ሥጋ ሳይነካ። የሰኮናው ግድግዳና ታቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ፤ ምስማር ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ከገባ ፈረሱ ተወጋ ማለት ነው። ክቡ የቤት ምስማር ይህ ቅርጽ ስለሌለው የመዶሻው ምት ወደመራው ይነዳል። ደግሞ ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ በቁስል በሚገባው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ቶሎ የሚጠቃ ነው። ስለዚህ ምስማር የወጋው ፈረስ ካላችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ አለ፣ ደሴ ላይም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለን። ጨውና ሙቅ ውኃ ብቻ አይበቃም።

ሰውየው ሌላም ያደረገው አለ፤ ይህን ብዙዎቻችን አይተን ዝም ብለናል። ያመጣው ጫማ ሁሉ አንድ ልክ ነው። የፈረስ የፊት ሰኮና ክብ ይላል፣ የኋላው ሾጠጥ ይላል፤ እሱ ግን ለአራቱም እግር ያንኑ መታና ከጫማው የተረፈውን ሰኮና ከፊት በሞረድ ከርክሞ «አማረ» ብሎ ሄደ። ከላይ ሲያዩት እውነትም ያምራል። ይሁንና የከረከመው ምስማር የሚይዝበትን ግድግዳ ነው፤ እየሳሳ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምስማር የሚያስገቡበት ቦታ ይጠፋል። ከእግሩ ጋር እኩል የሆነ ሰኮና እስኪያበቅል ወራት ይፈጃል፤ የፊተኛው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ለመታደስ አንድ ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ጫማው በሰኮናው ልክ ይቀጠቀጣል እንጂ ሰኮናው በጫማው ልክ አይቆረጥም።

አባ ሻንቆ በሚል የፈረስ ስም የሚጠራ ንጉሥ ሚካኤል በነገሠበት አገር ጫማ የሚመታ ሰው ብርቅ መሆኑ ያሳዝናል። ግን ምክንያት አለው። ከደላንታና ከለጋምቦ የሚወርደው ፈረስ በድንጋይና በሣር ላይ ሲሄድ ሰኮናው በራሱ ይሞረዳል፣ ባዶ እግሩን ዕድሜውን ይጨርሳል። ጫማ የሚያስፈልገው አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ጭነት ለሚጎትት ነው። ይህን የምነግራችሁ ሰውየው አሁን ገጠር ወጥቶ ጋሪ አይተው ለማያውቁ አባቶችም ለመጋለቢያ ፈረሳቸው ጥቅሉን እየሸጠ ስለሆነ ነው። አባቶቻችን፣ ፈረሳችሁ ካላነከሰ፣ ሰኮናውም ካልተሰነጠቀ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አድርጉት።

ታማኝ ባለሙያ እንዴት ይገኛል ለምትሉኝ፣ በማስታወቂያ አይገኝም። ጋሪ ተራ ሄዳችሁ ጠዋት ፈረሶቹ ሲመጡ እግራቸውን እዩ። ምስማሮቹ ከጎን በአንድ ተርታ፣ ከታች ሲሦ ያህል ከፍ ብለው የወጡበትን፣ ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ተረከዝ ያላለፉበትን ፈረስ ስታገኙ «ማን መታው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተረከዝ አካባቢ ምስማር ከተመታ ሰኮናው መሬት ሲረግጥ ገፋ የሚልበት ቦታ ያጣል። ከዚያ ባለሙያውን ሥራ ላይ እያለ እዩት። ፈረሱን መጀመሪያ አስኪዶ የሚያይ፣ እግሩን ሳይደበድብ የሚያነሳ፣ ጨርሶም እንደገና አስኪዶ የሚያይ ከሆነ ያዙት። ክፍያም ከዚያ በኋላ ነው፤ በየዙሩ፣ ፈረሱ አስፋልት ላይ ደህና ከሄደ በኋላ።

ማቆየቱ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ባለጋሪ ይቀየመኝ ይሆናል። ደግ ባለሙያ የሚሸሸን ጭቃ የተለጠፈበት፣ ያልታሰረ፣ የሚራገጥ ፈረስ አቅርበን፣ በገበያ ቀን አስቸኩለን፣ ሲጨርስ «ቅዳሜ እሰጥሃለሁ» ስለምንለው ነው። ሰኮና በወር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጫማው ተነቅሎ፣ ሰኮናው ተከርክሞ እንደገና ይመታል። ጫማው ገና አላለቀም ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ የሚያድገው ሰኮናው ነው። እንግዲያው ባለሙያው ሳይሄድ የሚቀጥለውን ቀን ቁረጡ፣ ሦስት አራት ባለፈረስ ሆናችሁ በአንድ ቀን ጥሩት፣ ፈረሱን ጥላ ሥር ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ እግሩን አጥባችሁ ጠብቁት። ቡናም አፍሉለት። ለአንድ ፈረስ ብሎ ከሐይቅ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው የለም።

አሁን ለከፈላችሁ። በቴሌብር ልካችሁ ከሆነ መልእክቱን እንዳታጠፉት። በእጅ የሰጣችሁ ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃ ምንጭና ጥራት ሐሰት ተናግሮ መሸጥን ከልክሏል፤ ሽማግሌ ካልጨረሰው ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን። በየፊናችን ከምንንከራተት በአንድ ማመልከቻ ይሻላል። የነቀላችሁትን ጫማና ምስማር ለቁራሌው እንዳትሸጡት፣ ማስረጃው እሱ ነው። የእኔው ቀለሙ እንደተፋቀ በፌስታል ተጠቅልሎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ተቀምጧል።