የቮልሴ ካርቡሬተር ማደሻ ኪት፦ የጠገነውና ያልጠገነው

እሽጉን ስከፍተው ሳቅ ቀደመኝ። ቤንዚንን ከአየር ጋር ለሚቀላቅል አንድ ካርቡሬተር ይህ ሁሉ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ምን ይሠራል? ለካ ቮልስ ላይ የሚገጠሙት ሶሌክስ የተባሉት ካርቡሬተሮች ከውጭ መንትያ ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው ይለያያል፤ አምራቹም ኪቱ ለብዙዎቹ እንዲበቃ ብሎ የሁሉንም ዓይነት አጭቆበታል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ግን የለውም።

መኪናዬ በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን 1302 ኤስ ናት፤ ሞተሯ 1600 ሲሲ፣ ካርቡሬተሯ 34 ፒክት 3። ሠላሳ አራቱ የጉሮሮው፣ ማለትም አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ አካሉ ላይ ተቀርጿል፤ የዓመታት ቅባት ግን ይሸፍነዋል። «ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ጠርጋችሁ አንብቡት። እኔ ሻጩን አምኜ ያዘዝኩት የመጀመሪያው ኪት ጉሮሮው 30 ለሆነ ካርቡሬተር የተሠራ ሆኖ አረፈው።

ሁለተኛው ልክ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት ፔዳል ሲረገጥ ተጨማሪ ቤንዚን የሚረጨውን የማጣደፊያ ፖምፓ ጎማ ነው፤ ለስላሳ፣ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ የተቆረጠ። አሮጌው ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኖ ስለነበር ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር መኪናዋ አንድ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ስትገጥሙት ታዲያ የክዳኑን ብሎኖች የምታጠብቁት ማንሻውን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ይዛችሁ ነው፤ አለዚያ ጎማው ተወጥሮ ቶሎ ይቀደዳል።

ቅሬታዬ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን በሚከፍትና በሚዘጋው መርፌ ቫልቭ ራንዴላ (ስስ ቀለበት) ላይ ነው። ከኪቱ የወጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኔ አሮጌ ደግሞ አንድ ሚሊ። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ራንዴላው ሲሳሳ ቫልቩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ተንሳፋፊው ዘግይቶ ይዘጋዋል፤ ነዳጁም ከልኩ በላይ ይሞላል። ሳልለካ ገጥሜ ካንዴላዎቹ በሁለት ቀን ጥቁር ሆኑ፣ ጠዋት ጠዋትም የቤንዚን ሽታ ይቀበለኝ ጀመር። አሮጌውን መለስኩ፤ ሽታው ጠፋ።

ከዚያ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አልያዝ አለ። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ኪቱን ረገምኩት፤ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ። ጥፋተኛው ግን አንዲት ሽቦ ነበረች። በካርቡሬተሩ ጎን ያለው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ቁልፍ ሲዞር በ12 ቮልት ተከፍቶ የሚኒሞውን ነዳጅ ያሳልፋል። ስፈታና ስገጥም ሽቦዋ ወልቃ ቀርታለች። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን አዙሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፦ ቀጭ የምትል ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ሽቦዋን እዩ እንጂ ምንም ነገር አትፍቱ። ሁለት ቅዳሜ ያስከፈለኝ ይኸው ነው።

ኪቱ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። የጉሮሮው መዝጊያ የሚዞርበት ዘንግ ሲበላ በጎኑ አየር ይገባል፤ ይህን አካሉን በስቶ ዘንጉን የሚይዝ ቡሽ (ቀለበት) የሚያስገባ የቶርኒዮ ባለሙያ እንጂ ጓርኒሲዮን አያድነውም። ክዳኑ ላይ ተጨምቆ የገባው የነሐስ ቱቦ ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል። የነዳጁ ጎማ የሚሰካው እዚያ ላይ ነው፤ ላልቶ ከወጣ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል፣ የአሮጌ ቮልስ ቃጠሎ አንዱ መነሻም ይኸው ነው። በጣታችሁ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ መኪናዋን አታስነሱ።

ለፖምፓው ጎማ ስል ብቻ እንኳ ይህንኑ ኪት ደግሜ እገዛለሁ። የተረፉትን ጓርኒሲዮኖች በፖስታ አሽጌ ላዩ ላይ «የእኔ አይደሉም» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ 30 ያለው ሰው ካጋጠመኝ በነጻ ነው።