ክሮሞሊ ቱቦ ለብስክሌት ፍሬም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለበርና ለመስኮት በምንገዛው ክብ ቱቦላሬ የብስክሌት ፍሬም መሥራት ይቻላል። ሠርቼበታለሁ፤ ብስክሌቱ ዛሬም ይሄዳል። ክሮሞሊ የሚባለውን፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበትን ብረት ከያዝኩ ወዲህ ግን ለራሴ ብስክሌት ቱቦላሬ አልገዛም። ቱቦው ዓለም ገና ካለው ወርክሾፔ የደረሰው በጥቅምት ነው። ፍሬሙ ኅዳር ላይ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰበታ እስከ አየር ጤና፣ በአስፋልቱም በኮብልስቶኑም፣ አሁን ደግሞ በክረምቱ ጭቃ ስነዳው ቆይቻለሁ።

የገዛሁት 4130 የሚባለውን የክሮሞሊ ዓይነት፣ ስፌት የሌለውን ነው። የላይኛውና የኮርቻው ቱቦ 28.6 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 31.8፤ የሦስቱም ውፍረት ከዳር እስከ ዳር እኩል 0.9። ከዚህ የተራቀቀ አለ። ጫፍና ጫፉ ወፍሮ መሀሉ የሳሳውን ቱቦ አልፍሬድ ሬይኖልድስ በርሚንግሃም ውስጥ ያስመዘገበው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀላል የብረት ብስክሌት እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚያ ዘዴ ነው። እኔ እኩሉን የመረጥኩት የሚሳሳበት የቱ ጋ ነው ብዬ ሳልጨነቅ ከፈለግኩበት ስለምቆርጠው ነው። ዋጋውም ይቀላል።

መርካቶ ውስጥ ለብስክሌት ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ፈልጌ አላገኘሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ በ65 ሳንቲ ሜትር አስቆርጦ በሻንጣ አመጣልኝ። ለመካከለኛ ቁመት ሰው የሚሆን ፍሬም ረጅሙ ቱቦ የታችኛው ነው፤ እሱም ከዚህ አያልፍም። የፔዳሉ አክስል የሚገባበትን ጉሮሮና የኋላ ጎማ መያዣዎቹን ምናለሽ ተራ ከወደቀ አሮጌ ፍሬም ላይ ቆርጬ ወሰድኩ። ጉሮሮውን ስትገዙ በካሊብሮ ለኩት፦ የእንግሊዙ 68 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የጣሊያኑ 70፤ ጥርሳቸው አይገጣጠምም።

አንድ ሱቅ ክሮሞሊ ነው ብሎ የሸጠልኝ ቁራጭ ተራ ብረት ሆኖ ስለተገኘ መለያውን ልንገራችሁ። ማግኔት ሁለቱንም ይይዛል፣ ክብደታቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ በዚያ አትድከሙ። ጣት የምታህል ቁራጭ ቁረጡ፣ ፍም እስክትመስል አግሉ፣ ውኃ ውስጥ ክተቱ፣ ከዚያ በሞረድ ሞክሩ። ተራውን ብረት ሞረዱ እንደበፊቱ ይበላዋል። 4130 ካርቦኑ 0.3 ከመቶ ገደማ ስለሆነ ክሮሚየሙና ሞሊብዲነሙ ተጨምረውበት ይጠነክራል፤ ሞረዱ እየተንሸራተተ ይቸገራል።

ይኸው ባሕርዩ ነው ብየዳ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው። የምሠራው በጋዝ፣ በነሐስ ዘንግና በቦራክስ ነው። የሰፈራችን አንጋፋ በያጅ ሥራዬን ሊያዩ መጥተው፣ “አንተ ልጅ፣ ውኃ ድፋበትና ቶሎ ይብረድ እንጂ” አሉኝ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ብረት ይህን ይችላል፤ ክሮሞሊ ግን ቀልቶ ውኃ ከነካው መገጣጠሚያው ላይ ተሰባሪ ይሆናል። “ጋሼ፣ ይኼኛው በራሱ ጊዜ ይብረድ” አልኳቸውና አግዬ ውኃ ውስጥ የከተትኳትን የክሮሞሊ ቁራጭ ሰጠኋቸው። ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ሲመቷት ቀጭ ብላ ተሰበረች። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቻቸው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው።

የፍሬም ሥራ ትልቁ ድካም የቱቦውን አፍ ሌላው ቱቦ ላይ ልክክ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጎ መቅረጽ ነው። የወረቀት ንድፍ ቱቦው ላይ ጠቅልዬ አሰምራለሁ፣ በሰጌቶ እቆርጣለሁ፣ በግማሽ ክብ ሞረድ እጨርሳለሁ። በድሪል የሚሠራ ክብ መጋዝም አለ፤ 1¼ ኢንቹ ለ31.8 ቱቦ ይሆናል። ግን 0.9 ቀጭን ስለሆነ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ ይቀደዋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ክሮሞሊ ከቱቦላሬ ይልቅ ሞረድ ይጨርሳል፤ ትዕግሥትም ይፈልጋል። ሞርሳ ውስጥ ራቁቱን አትሰሩት፣ ይጨፈለቃል። ከወይራ እንጨት በቱቦው ልክ በስታችሁ ለሁለት የሰነጠቃችሁት መያዣ ይኑራችሁ። ሁለቱ ቱቦዎች ተጋጥመው ወደ መብራት ሲያዙ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ነሐስ አታባክኑ፤ ወደ ሞረዱ ተመለሱ። የኋላዎቹን ቀጭን ቱቦዎች የጎበጥኳቸው ደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ ሳላግል፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ነው። ከተራ ብረት የበለጠ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው አሳልፎ ማጉበጥ ያስፈልጋል።

አነዳዱስ? ሰው ሁሉ “ክሮሞሊ አይለመጥም አይደል?” ይለኛል። የብረት አለመለመጥ የሚወሰነው በቱቦው ስፋትና ውፍረት ነው፤ ቅይጡ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ቅይጡ የሚጨምረው ጎብጦ ሳይቀር የሚችለውን ጫና ነው፤ በዚህም የተነሳ ማሳሳት ይቻላል። የእኔ ሦስት ዋና ቱቦዎች ተደምረው 1.1 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ቢሆኑ 1.8 ይደርሱ ነበር። ለውጡ በዳገት ይታወቃል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ለመጥ ለመጥ እያለ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ ወገቤ ይህን ይመሰክራል። የመሣሪያ ሳጥን ከኋላ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ ግን ያወዛውዘኛል። ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው።

ዝገት ሌላው ነው። ክሮሞሊ ከማይዝግ ብረት ጋር አይምታታባችሁ፤ እንደማንኛውም ብረት ይዝጋል። ጉሮሮው ሥር ውኃ ማውጫ ቀዳዳ በስቻለሁ፣ ቱቦዎቹ ውስጥ የተልባ ዘይት አፍስሼ እያገላበጥኩ አድርቄዋለሁ። ክረምቱ መሀል ኮርቻውን ነቅዬ በባትሪ ሳየው ውስጡ ንጹሕ ነው።

ያስቸገረኝ የኮርቻው ዘንግ ነው። 28.6 ቱቦ 0.9 ሲወፍር የውስጡ ስፋት 26.8 ይሆናል፤ 27.2 ዘንግ አይገባም፣ 25.4 ይላላል። ለጊዜው ቶርኖ ቤት የአሉሚኒየም እጅጌ አስቀርጬለታለሁ፣ አልተንቀሳቀሰም። በሚቀጥለው የኮርቻውን ቱቦ 0.7 አስመጣለሁ፤ ያኔ ሪመር፣ ማለትም የቀዳዳ ማስተካከያው መሣሪያ፣ ካለፈበት በኋላ 27.2 ዘንግ ይገባል። ዕቃ ለሚጭን ሰው የምሠራ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ቱቦ ወደ 34.9 አሰፋዋለሁ፣ ውፍረቱን አልነካም።