ከስታትስቲክስ ላስታረቁኝ አስጠኚ፣ ምስጋናና ጥቆማ

የመመረቂያ ጽሑፌን ትናንት አስረከብኩ። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ሳይኮሎጂ የገባሁት የሰው ልብ ማንበብ እማራለሁ ብዬ ነው። ዘመዶቼም እንደዚያው መስሏቸው "እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?" ይሉኝ ነበር። (እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።) አንደኛው ዓመት ደስ ይላል። ምግብ ሊመጣ መሆኑን ለምደው ምራቃቸው የሚወርደው የፓቭሎቭ ውሾች አሉ፤ ቩንት የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ፣ ጀርመን ውስጥ የከፈተው የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ አለ። ከዚያ ስታትስቲክስ መጣ።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውንም። ዲፓርትመንት ለመቀየር ፎርም ሞልቼ ሳለ አንዲት የክፍሌ ልጅ "እኚያን ሴትዮ ሞክሪያቸው" አለችኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በቪዲዮ ያስጠናሉ።

የመጀመሪያው ቀን ቀመር የሚባል ነገር አላየሁም። "ሳንቲም አምጪ" አሉኝ። 10 ጊዜ ወረወርኩ፤ 6 ዘውድ መጣ።

"ሳንቲሙ ተጭበርብሯል?"

"ኧረ አይመስለኝም።"

"8 ቢመጣስ?"

ዝም አልኩ።

"9ስ?"

"እሱስ ያጠራጥራል።"

ቁጭ ብለን በእጅ አሰላነው። ጤነኛ ሳንቲም ከ10 ውርወራ 9 ወይም 10 ዘውድ የሚያመጣበት ዕድል 1 በመቶ ገደማ ነው። 8ና ከዚያ በላይ ካልን ግን 5.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። በተለመደው የ0.05 (5 በመቶ) ገደብ ከሄድን፣ ዕድሉ ከዚያ ሲያንስ ነው የምንጠራጠረው፤ ስለዚህ 8 ለጥቂት ያመልጣል፣ 9 ይያዛል። "ፒ ቫሉ ይኸው ነው ልጄ። ሳንቲሙ ጤነኛ ቢሆን እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት ስንት ጊዜ ይገጥመን ነበር? ከዚህ ሌላ አይነግርሽም።" እኔ ደግሞ "ሳንቲሙ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል 1 በመቶ ነው" እያልኩ ሦስት ጊዜ ታርሜያለሁ።

ቲ-ቴስት (አማካዮችን የምናወዳድርበት ስሌት) ላይ ስንደርስ ጎሴት የሚባል የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1908 "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ሥራ መሆኑን ነገሩኝ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ራሱን "ተማሪ" ካለ ሰው መምጣቱን ስሰማ፣ እንጃ፣ ቀለል አለኝ።

ትልቁ ውለታቸው ግን በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ነው። መጠይቁን ልበትን ስል አስቆሙኝ። "መጀመሪያ የትኛውን ጥያቄ በየትኛው ስሌት እንደምትመልሺ ጻፊ። ውጤቱን አይቶ መላምት ማውጣት የለም።" እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በወጣ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች እንደገና ተሠርተው፣ በስታትስቲክስ መለኪያ ያለፈው 36 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን የሰማሁትም ያን ቀን ነው። ማታውኑ ለምንም ስሌት የማይሆኑ 11 ጥያቄዎች ሰረዝኩ።

መምህርት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እሳቸውን ለምትፈልጉ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አሳይመንት አይሠሩም። እኔ አንዴ ጠይቄ "ደህና ዋይ" ብለው ሊዘጉብኝ ነበር። ሶፍትዌር ከማስነካታቸው በፊት ሳምንታት በእጅ ያሰላሉ፤ ይሰለቻል። ከዘገያችሁ ከራሳችሁ ሰዓት ነው የሚቆረጠው። ካውንስሊንግ ወይም ክሊኒካል ኮርስ የከበዳችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እሳቸውም "የእኔ ሙያ አይደለም" ብለው ይመልሷችኋል።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ተማሪ ስለማይቀበሉ ቶሎ በሉ።