በኪራይ ብስክሌት እስከ አባ ሳሙኤል

በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ የተከራየሁት ባለማርሽ ብስክሌት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ በሚገባ አገልግሎኛል፤ ጎማው ሰፊ፣ ማርሹም ሳይንገራገጭ የሚቀያየር ነበር። ይሁን እንጂ የኋላ ፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቅ ስለነበር፣ ቁልቁለቱን በፊተኛው ፍሬን ብቻ፣ በጭንቀት ወረድኩ። ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ስለሆነ አከራዩ ከማስረከቡ በፊት ሊፈትሸው ይገባ ነበር፤ ስነግረው ግን ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው ቀየረው።

ከከተማዋ የሚወርደው ፍሳሽ ያጠቆረው ውኃ ሽታ እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተገነባበት ይህ ሐይቅ በእንቦጭ ተወርሮ ማየት በእጅጉ ያሳዝናል። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ መጓዝ ይሻላል፤ የመጠጥ ውኃም ከቤት ይያዝ።